እቴጌ ጣይቱ ብጡል፦ ውሃ ፈልገው የወረዱባት ከተማ ዛሬ ውሃ እየወረደባት ነው

ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር ስልካችን ላይ የሚዘዋወረው ቪዲዮ ያው ነው። ሚኒባስ እስከ በሩ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ግንብ ተደግፎ ይሻገራል። ባለሱቅ ውሃውን በባልዲ እየቀዳ ወደ ውጭ ይደፋል። ቦታው አንዴ ልደታ ነው፣ አንዴ ሌላ ሰፈር። ከስር ደግሞ ሁሌ የማይጠፋ ቀልድ አለ፦ ባሕር በር አጣን ስንል ባሕሩ ራሱ መጣልን የሚል።

ቀልዱ ያስቃል፤ ነገሩ ግን አያስቅም። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣለው ከባድ ዝናብ 7 ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል። ያውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ! የባሕር ውሃ በምንም ተአምር ሊደርስባት አይችልም። ታዲያ ጎርፉ ከየት መጣ?

ለዚህ መልስ ለማግኘት ከተማዋን እዚህ ቦታ ላይ ወደ ተከሏት ሴት መመለስ ያስፈልጋል። እቴጌ ጣይቱ ብጡልን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በየካቲት ወር ነው። የዓድዋ ቀን ሲደርስ ፎቷቸው ፕሮፋይል ላይ ይወጣል፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ይረሳል። የሕይወታቸውን ታሪክ አንድ በአንድ ስናየው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር አብሯቸው ይሄዳል፤ ውሃ።

የራስ ብጡል ልጅ

ጣይቱ የተወለዱት በ1843 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ሲባሉ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ የቅርብ ዘመድ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። በዘር ሐረጋቸው ከጎንደር ነገሥታትም፣ ከየጁ መሳፍንትም ይዋለዳሉ። በአጭሩ ከላይ ቤት የመጡ ናቸው።

ግን ትልቅ ቤት መወለድ በዚያ ዘመን ድሎት ማለት አልነበረም። ጊዜው የአጼ ቴዎድሮስ ነው። መሳፍንቱ ይሸነፋሉ፣ ይታሰራሉ፣ ይገደላሉ። የደጃዝማች ውቤ ቤተሰብም የተሸናፊው ወገን ነበር። ጣይቱ ገና ልጅ ሆነው ተዳሩ፤ ከዚያም በኋላ ከአንድ በላይ ትዳር አይተዋል። ያኔ የመሳፍንት ልጅ ጋብቻ የፖለቲካ ውል ነው። ልጅቷ ትፈልግ አትፈልግ የሚጠይቅ የለም።

በዚያ ላይ ሴት ልጅ ፊደል የምትቆጥርበት ዘመን አልነበረም። እሳቸው ግን አማርኛ ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ግዕዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥም ይጫወታሉ። ኋላ ላይ ከአውሮፓ ዲፕሎማቶች ጋር በውል ጉዳይ ሲከራከሩ ያ ትምህርት ምን ያህል እንደጠቀማቸው እናያለን።

በ1875 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አንኮበር ላይ በቁርባን አገቡ። ለምኒልክ ጋብቻው ከሰሜኑ መኳንንት ጋር የሚያስተሳስር ነበር። ለጣይቱም እንግዳ አገር ነው፤ ሸዋ የእናት የአባታቸው አገር አይደለም። ልጅ አልወለዱም። በማያውቁት ቤተ መንግሥት ውስጥ ቦታቸውን ያገኙት በራሳቸው ጭንቅላት ነው ማለት ይቻላል።

ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ

ያኔ ምኒልክ ከአንኮበር ለቀው እንጦጦ ተራራ ላይ ከትመዋል። እንጦጦ ለጦርነት ተስማሚ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠላት ከየትም ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። ለመኖር ግን ያስቸግራል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ነፋሱ አያስቀምጥም፣ ማገዶው በአንድ ጊዜ አለቀ፣ ውሃም እንደልብ የለም።

ከተራራው ሥር ግን ሌላ ዓለም ነበር። ሜዳው ሞቅ ያለ ነው፣ ወንዞች በየአቅጣጫው ይፈሳሉ፣ መሃል ላይ ከመሬት የሚፈልቅ ፍል ውሃ አለ። ቦታው ፊንፊኔ ይባላል። የንጉሡ ቤተሰብና መኳንንቱ ፍልውሃው ለቁርጥማት ጥሩ ነው እያሉ ወርደው ይታጠቡ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ስሙን ያወጡት እዚያ ያዩት አበባ ደስ ብሏቸው እንደሆነ ይነገራል። ምኒልክ ሲመለሱ በሚስታቸው ሐሳብ ተስማሙ። መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። ንጉሥ ከተማ ሲቆረቁር እንጂ ንግሥት ስትቆረቁር ባልተለመደበት ዘመን የአገሪቱ ዋና ከተማ በአንዲት ሴት ምርጫ ቦታዋን አገኘች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ የለብንም። ፊንፊኔ ባዶ መሬት አልነበረም። የገላን፣ የጉለሌና የኤካ ኦሮሞዎች ከብት የሚያረቡበት፣ የሚያርሱበት፣ የሚኖሩበት አገር ነበር። ፍልውሃውም ከጣይቱ በፊት ለእነሱ የታወቀ ሆራ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ ብዙዎቹ ከመሬታቸው ተነቅለዋል። ዛሬ ጉለሌና የካ የሚሉት የክፍለ ከተማ ስሞች ከዚያ የቀሩ ምልክቶች ናቸው። የከተማዋን ልደት ስንተርክ ይሄም የታሪኩ ክፍል ነው።

ከፍ ያለው ለጌታ፣ ዝቅ ያለው ለውሃ

የመጀመሪያዋ አዲስ አበባ እንዴት ነበር የተሠራችው? እንደ ጦር ሰፈር ነው። ቤተ መንግሥቱ ፍልውሃውን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ተተከለ። እያንዳንዱ ራስ፣ ደጃዝማችና ፊታውራሪ በየፊናው ኮረብታ ተሰጠው፤ ወታደሩና አሽከሩ በዙሪያው ሰፈረ። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ ነው። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝና ገደል ነበረ። ድንበሩ ውሃው ነው። ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚሉት ስሞች የሚያስታውሱን ይሄንኑ ነው፦ ከሰፈር ሰፈር ለመሄድ ውሃ መሻገር ግድ ነበር።

ይሄ አሠፋፈር ሳይታሰብ አንድ ጥበብ ነበረው። ሰው ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ ታች ሄደ። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ሞልቶ ዳር ዳሩን ቢያጥለቀልቅ የሚያገኘው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ቤት የለበትም። ጌቶቹ ኮረብታውን የመረጡት ጎርፍ ፈርተው ብቻ አይደለም፣ ለክብርም ለጥበቃም ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ለውሃው መንገዱን ለቀቁለት።

ይህችን ነገር ያዟት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ውጫሌ እና የመቀሌው ምንጭ

አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ ጣይቱም በሁለተኛው ቀን እቴጌ ተብለው ነገሡ። የማዕረግ ስማቸው ብርሃን ዘኢትዮጵያ ነው።

ዘውዱ ግን ችግር ይዞ መጣ። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል ነበረ። አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው ኢትዮጵያ ከፈለገች ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፍ ትችላለች ይላል። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ትርጉሙ አገሪቱ በጣሊያን ሥር ናት ማለት ነው። ጣሊያን ምጽዋን በ1877 ዓ.ም. ስለያዘች የባሕሩ መንገድ በእጇ ነው፤ አሁን ደግሞ አገሩን በቀለም ልትወስድ ነው።

ጉዳዩን ለማስተካከል የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ አዲስ አበባ ሲመጣ ጠንክረው የያዙት ጣይቱ ነበሩ። ምኒልክ ነገር ማብረድ፣ ጊዜ መግዛት ይወዱ ነበር። እቴጌዋ ግን በዚህ ጉዳይ የሚላላ ቃል እንዲገባ አልፈቀዱም። አንቶኔሊ ያሰበው ሳይሳካለት ተመለሰ፤ ምኒልክም ኋላ ውሉን ጨርሰው ሰረዙት።

ጦርነቱ በ1888 ዓ.ም. መጣ። እቴጌዋ ቤት አልቀሩም። የራሳቸውን ጦር ይዘው ከባላቸው ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። ኅዳር ላይ አምባላጌ ድል ሆነ። ከዚያ የኢትዮጵያ ጦር መቀሌ ደረሰ፤ እዚያ ግን ነገር ተያዘ። ጣሊያኖቹ በማጆር ጋሊያኖ እየተመሩ እንዳ ኢየሱስ ላይ የሠሩት ምሽግ ጠንካራ ነው። በሩጫ ለመስበር የሞከረ ሁሉ ከግንቡ ሥር ረገፈ። ሰው በከንቱ እያለቀ ነው።

ምሽጉ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። የሚጠጡት ውሃ ከግንቡ ውጭ ካለ ምንጭ ነው የሚመጣው። ይሄን አይተው ምንጩ ይያዝ ያሉት ጣይቱ እንደነበሩ ታሪክ ይመሰክርላቸዋል። ሰዎቻቸው በሌሊት ወርደው ምንጩን ያዙ፤ ጣሊያኖቹ መልሰው ለመውሰድ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። በግንቡ ውስጥ ያለው ጥማት ከመድፍ የከፋ ሆነ። ጥር ላይ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ። በመድፍና በነፍጥ ያልተሰበረው በር በውሃ ተከፈተ።

የካቲት 23 ዓድዋ ላይም እቴጌዋ ከጦራቸው ጋር ተሰልፈው ነበር። እሳቸው ያሰማሯቸው ሴቶች ቀኑን ሙሉ በእንስራ ውሃ እየተሸከሙ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ሲያመላልሱ ዋሉ። የየካቲት ፀሐይ ትግራይ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የዚያን እንስራ ዋጋ ይረዳል። ስለ ዓድዋ ጎራዴና ጋሻ ብዙ እንሰማለን፣ ስለዚያ ውሃ ግን ብዙ አይወራም።

ልትለቀቅ የነበረች ከተማ

ከድል በኋላ አዲስ አበባ በአንድ ጊዜ አደገች። የውጭ መንግሥታት ኤምባሲ ከፈቱ፣ ነጋዴ መጣ፣ ሕዝቡ በዛ። ያኔ ሌላ ችግር ተፈጠረ። ሕዝቡ እንጀራ የሚጋግረው በእንጨት ነው፣ ቤት የሚሠራው በእንጨት ነው፣ ብርዱን የሚከላከለው በእንጨት ነው። በዙሪያዋ ያለው ጫካ አለቀ። የእንጦጦ ጥዶችና ወይራዎች ተጨፍጭፈው ተራራው ራቁቱን ቀረ።

ነገሥታቱ በድሮ ጊዜ እንጨት ሲያልቅ ከተማቸውን ነቅለው ይሄዱ ነበር። ምኒልክም እንደዚያው አሰቡ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ዓለም የሚባል አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባ ገና ልጅ ሆና ልትቀር ነበር።

ያተረፋት አንድ ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በጥቂት ዓመት የሚደርስ፣ ሲቆረጥ ደግሞ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ። ሕዝቡ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ ባሕር ዛፍ አለው። ምኒልክ እንዲተከል አበረታቱ፣ ዛፉም ተስፋፋ፣ ማገዶው ተገኘ፣ መዛወሩም ቀረ። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር የሌላት ከተማ በባሕር ዛፍ ተረፈች እንበል።

ግን ባሕር ዛፍ እንደ አገር በቀሉ ጫካ አይደለም። ሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደልብ አይበቅልም፣ ቅጠሉንም ሰው ለማገዶ ይጠርገዋል። መሬቱ ልብስ የለውም። ዝናብ ሲመጣ የሚይዘው ነገር ስለሌለ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ያ ከተማዋን ያተረፈ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳቱን ዛሬ እያየን ነው።

ሆቴሉ፣ ሥልጣኑ፣ ውድቀቱ

ጣይቱ የከተማዋን ኑሮ ያዘመኑም ሴት ናቸው። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ምግብ በገንዘብ መግዛትን እንደ ነውር ስላየው ገበያው ቀዝቅዞ እንደነበርና ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙ፣ ኋላ ደግሞ እንዲከፍሉ እያደረጉ እንዳስለመዱ ይተረካል። ሆቴሉ ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ ነበር፤ ታድሶ አሁንም አለ።

ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ምኒልክ በሕመም እየደከሙ ሲሄዱ አገሩን በተግባር ያስተዳደሩት እቴጌዋ ነበሩ። ሹመት ሰጡ፣ ሻሩ፣ ዘመዶቻቸውን በጋብቻም በሥልጣንም አቀረቡ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ የጣይቱ የወንድም ልጅ የሆኑትን ጉግሣ ወሌን ያገቡት በዚህ መንገድ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ብዙ ጠላት አፈራባቸው። የሸዋ መኳንንት ሥልጣኑ ወደ ሰሜን ሰዎች ሊሄድ ነው ብለው ፈሩ። መጋቢት 1902 ዓ.ም. ተማከሩና እቴጌዋን ከመንግሥት ሥራ አግለው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው።

አጼ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ጣይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ተመለሱ። አስቡት፣ ውሃና ሙቀት ፈልገው ከለቀቁት ተራራ ላይ፣ ከዚያው ብርድ ውስጥ። ራሳቸው የቆረቆሯትን ከተማ ከላይ ሆነው ቁልቁል ከማየት በቀር በእጃቸው ምንም አልቀረም። በ1917 እ.ኤ.አ. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዋ ከባሕር ጋር በሐዲድ ተገናኘች፤ እቴጌዋ ያኔ ከሥልጣን ርቀው ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዕድሜያቸውን እዚያ እንዲፈጽሙ ፈቃድ ጠየቁ። አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ። ዛሬ አጽማቸው አዲስ አበባ፣ በዓታ ለማርያም ከባላቸው ጎን ነው።

ያ ውሃ ዛሬ የት ሄደ?

አሁን ወደ ልደታ እንውረድ። ቃል በቃል እንውረድ፤ ምክንያቱም ከእንጦጦ ጫፍ እስከ ከተማዋ ደቡብ ያለው መሬት ወደ 900 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሰሜኑ ተራራ፣ ደቡቡ ሜዳ ነው። ከላይ የዘነበው ሁሉ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንተይቀጡ፣ በቀጨኔ፣ በትልቁና በትንሹ አቃቂ እያለ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ አፋር ገብቶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ የወረደ ውሃ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቅ ውሃ ነው።

በጣይቱ ጊዜ ይህ ውሃ ኮረብታውን ለሰው፣ ሸለቆውን ለራሱ ይዞ ይሄድ ነበር ብለናል። በኋላ ግን ከተማዋ ሞላች። ኮረብታው ተያዘ፣ ሜዳው ተያዘ፣ የቀረው የወንዙ ዳር ነው። እዚያ የሠፈረው ሰው ወዶ አይደለም። ኪራዩ የሚቀምሰው እዚያ ስለሆነ ነው። ለሥራ ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት፣ ጉሊት የምትሸጥ እናት፣ ከሌላ ሰፈር የተነሳ ቤተሰብ። ድሮ ራሶች ባዶ የተዉትን ቦታ ድሃ ያዘው።

በላዩ ላይ መሬቱ ታሸገ። አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ኮንክሪት፣ ቆርቆሮ። ልደታ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የድሮዎቹ የጭቃ ቤቶችና ጓሮዎች ፈርሰው ኮንዶሚኒየምና ሕንፃ ቆመዋል፣ ባቡሩ በላይዋ ያልፋል፣ መንገዱ ሰፍቷል። ይሄ ሁሉ ዕድገት ነው፤ ማንም ወደ ጭቃ እንመለስ አይልም። ግን ድሮ ጓሮ ውስጥ ይሰርግ የነበረው ውሃ አሁን በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ዳር ያለው ቱቦ ደግሞ በፌስታልና በሃይላንድ ተወትፏል። ውሃው ሌላ አማራጭ የለውም፤ በበራችን ይገባል።

ሦስተኛው ነገር ሰማዩ ነው። ምድር ስትሞቅ አየሩ የበለጠ እርጥበት ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሲዘንብ ባንዴ ይዘንባል። የባሕሩን ውሃ ከፍ ያደረገውም ይሄው ሙቀት ነው። ከ1901 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። የመጀመሪያው ዓመት ጣይቱ በዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን ነው፤ ሁሉም የሆነው በአንድ መቶ ዓመት ትንሽ አለፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

ኢንዶኔዥያ ይሄን በደንብ ታውቀዋለች። ዋና ከተማዋ ጃካርታ በአንድ በኩል ባሕሩ እየጨመረባት፣ በሌላ በኩል የከርሰ ምድር ውሃዋ ከመጠን በላይ ስለተቀዳ መሬቱ ራሱ እየሰመጠባት ነው። መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ዋና ከተማውን ወደ ቦርኒዮ ደሴት ለማዛወር ወስኗል። ምኒልክ በእንጨት ምክንያት ከተማ ሊያዛውሩ እንዳሰቡት ማለት ነው። ልዩነቱ ዛሬ ሚሊዮኖች የሚኖሩባትን ከተማ እንደ ድንኳን ነቅሎ መሄድ አይቻልም። ጃካርታም ሆነ አዲስ አበባ፣ አብዛኛው ሰው ባለበት ይቀራል።

ለእኛ ደግሞ የባሕሩ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው። ወደብ ማለት ባሕር ጠርዝ ላይ ያለ ኮንክሪት ነው። ባሕሩ ከፍ ሲል የዘይትና የነዳጅ ዋጋ ልደታ ድረስ ይመጣል።

ምን ይሻላል?

መንግሥት ለወንዞቹ ሥራ ጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. ሸገርን ማስዋብ የሚል 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ፕሮጀክት ይፋ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ወንዝ ዳር ሲጸዳ፣ ሲሰፋና አረንጓዴ ሲሆን ውሃው መተንፈሻ ያገኛል። ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚያ የነበረው ሰው የት ይሄዳል? ከጎርፍ አድነነው ሥራውና ትምህርት ቤቱ ከሌለበት ዳር ከጣልነው አዳንነው ማለት ይከብዳል። ፊንፊኔ ላይ አንዴ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ከላይ ያለው ተራራ አገር በቀል ዛፍ፣ ሣርና እርከን ካልለበሰ ታች ያለው መናፈሻ ብቻውን ጎርፍ አያቆምም። ጎርፍ የሚገራው ከምንጩ ነው። መቀሌ ላይ ጣይቱ ግንቡን ትተው ምንጩን የፈለጉት ለዚህ አይደል?

እስከዚያው እኛ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ልደታ ላይ ፀሐይ ወጥቶ እንጦጦ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ጎርፍ ከሚዘንብበት ቦታ ሳይሆን ከሚወርድበት ቦታ ነው የሚገድለው። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የደረሰባት ይሄው ነው። ከላይ ከተራራው የወረደ ጎርፍ በደረቁ ደቻቱ በኩል መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ የሚሮጥ ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፣ ጉልበት ከደረሰ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ከውሃው ሥር ክዳን የሌለው ቱቦ ይኑር አይኑር ከላይ አይታይም። ቪዲዮ ለመቅረጽ ተብሎ አይገባም፤ ላይክ ነፍስ አይመልስም። ከክረምት በፊት ደግሞ የሰፈር ልጆች ተሰባስበው አንድ ቅዳሜ የደጃቸውን ቱቦ ቢጠርጉ ብዙ ቤት ይተርፋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ውሃ ግን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

እቴጌ ጣይቱ ከተማ የመረጡት ውሃውን አይተው ነው። የት እንደሚፈልቅ፣ የት እንደሚፈስ፣ ማን እንደሚጠጣው ያውቁ ነበር። እኛ የወረስነው ከተማውን ነው፤ ውሃውን የማየት ልማዱን ግን የሆነ ቦታ ጣልነው። ዘንድሮ የካቲት ላይ ፎቷቸውን ስንለጥፍ የመቀሌውን ምንጭም እናስታውስ። ክረምቱ ደግሞ ሲገባ፣ ፌስታሉን ከመጣላችን በፊት ቱቦው ወዴት እንደሚወርድ፣ ታች ማን እንደሚኖር አንዴ ቁልቁል እንይ።